«የማን ናት?» ሲሉኝ

ውድ ኒካሲያ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ወረቀት ወደ አሬኪፓ ከተማ የሚወርደው የአውቶቡስ ሹፌር ያደርስልሻል። እዚያው ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ አንብቢው፤ መልስሽን ይዞ መመለስ ያለበት እሱ ነው።

እሑድ የቦይ ጠረጋ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ተረኛውም የእኛ ቤት ነው። ተረኛ ቤት ለቆፋሪው ቺቻውን፣ የበቆሎ ጠላውን፣ ራሱ ይጠምቃል እንጂ ገዝቶ አያቀርብም። ይህን ለአንቺ መንገር ባላስፈለገኝ ነበር፤ ግን እንዳልረሳሽው በምን አውቃለሁ?

ከልጆቿ በቤቱ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጠመቅሁ። አዎ፣ እኔ። በቆሎውን ዘፍዝፌ፣ በቅጠል ሸፍኜ አበቀልሁት፤ ብቅሉን አስጥቼ አስፈጨሁ፤ ቀቅዬ አጠለልሁ። ሽታው ልክ ነበር፤ ቀለሙም ልክ ነበር። ከዚያ በፊት የእናታችንን ጋን ከጓዳ ሳወጣ ውስጡ አሮጌ አተላ ተጋግሮበት አየሁ። ለጀማሪ ጠማቂ የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ከምንም በፊት የሚያዘው ዕቃው ንጹሕ እንዲሆን ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው። በፈላ ውሃና በበረኪና ፈተግሁት።

በማግስቱ አረፋ የለም። በሦስተኛውም ቀን የለም። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ። እሷ ስትጠምቅ ያ ጋን እንደ ተቀየመ ሽማግሌ ሲያጉረመርም እንሰማው አልነበር? ጭጭ አለ።

ኮማድሬ ፎርቱናታ፣ የልጄ የክርስትና እናት፣ ገና ከደጅ አፍንጫዋን ይዛ ገባች።

«ኮምፓድሬ፣ ይሄ ቤት ሆስፒታል ሆነ እንዴ? ጋኑን በምንድነው ያጠብከው?»

«በበረኪና።»

«በበረኪና!» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። «አንተ ሰውዬ፣ ጥንስሱ እኮ እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር የሚኖረው። እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ ያቆየችውን ፍቀህ ደፋኸው!»

«ዕቃ ይጸዳል ነው የሚለው መጽሐፉ።»

«እንግዲያው መጽሐፉ ይጥመቅልህ!»

የተበላሸውን ደፍቼ እንደገና ቀቀልሁ። ኮማድሬ ደግ ናት፤ ከራሷ ጋን ጥንስስ በማሰሮ ቀድታ አመጣችልኝ። ይፈላል፤ በዚህ አልጠራጠርም። ነገሩም እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፤ ግን ዶን ኢላሪዮ፣ የውሃ ዳኛው፣ ዝግጅታችንን ሊያይ መጣ። የማን ማሰሮ እንደሆነ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መምህር፣ እሑድ ቦዩ አፍ ላይ "የማን ናት?" ብዬ ስጠይቅህ ምን ልትለኝ ነው?»

አንቺ ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያው ዋንጫ መሬት ላይ ከመፍሰሱ በፊት ተረኛው የጥንስሱን እናት በስም ይጠራል፤ የመጀመሪያው ውሃም ወደ ተጠራችው ሴት ማሳ ይለቀቃል። የእናታችንን ስም ጠርቼ «የዶሮቴያ» ካልሁ ወደ እኛ ይመጣል። «የፎርቱናታ» ካልሁ ወደ እሷ ይሄዳል፤ እኛ መጨረሻ ላይ እንሰለፋለን። የእኛ ዳገት ደግሞ የመጨረሻውን ውሃ ጠብቆ በቆሎ አያበቅልም።

«የእናትህን ስም ጥራ» አለች ኮማድሬ። «እኔ እንደሁ አልቀየምህም። ውሃው በኋላም ይደርሰኛል።»

«እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ ዶን ኢላሪዮ። «አንድ ቃል እኮ ናት፣ መምህር።»

«አንድ ቃል ከሆነች ለምን ትጠይቁኛላችሁ?» ብዬ ጮህሁ። «ዝም ብላችሁ ውሃውን ለቃችሁ አትጠጡም?»

እርስ በርስ ተያዩ። «የዶሮቴያ ልጅ!» አለ ዶን ኢላሪዮ፤ ምርቃት ይሁን እርግማን አልገባኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በቀብሩ ማግስት ጓዳ ገብተሽ ከዚያ ጋን ጠርሙስ ሞላሽና በሻሏ ጠቅልለሽ ሄድሽ። ለመንገድ መጠጥ የያዝሽ መስሎኝ በገንሁ። «ጥንስስ ነው» ለማለት አፍሽን ምን ያዘው? «ጋኑ አይታጠብም» ለማለትስ? ሁሉን ነገር እናትና ሴት ልጅ ጓዳ ውስጥ እያንሾካሾካችሁ፣ እኔን በሩ ላይ አቁማችሁ ኖራችሁ፤ ይኸው ውጤቱ። ከመንደራችን አሬኪፓ ወርዶ የተመለሰ ሁሉ «ኒካሲያ ቤት የዶሮቴያን ቺቻ ጠጣን» እያለ ያወራል። እንግዲህ ጥንስሱ በሕይወት አለ፤ ያለውም አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።

አንድ ጠርሙስ ላኪ። አፉን ጥርቅም አድርገሽ አትዝጊው፤ ተራራው ላይ ይፈነዳል። ሹፌሩ ሞተሩ አጠገብ እንዳያስቀምጠው ንገሪው፤ ሙቀት ይገድለዋል። ሐሙስ ጠዋት ከደረሰ ለእሑድ ይበቃል። አስፋልቱ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ።

አውቶቡሱ ባዶውን ከመጣ የኮማድሬን ጥንስስ እጨምራለሁ። ሲጠይቁኝም «የፎርቱናታ ናት» እላለሁ። ውሃው ይሂድ፤ በቆሎው ይድረቅ። እናታችንን በሌለችበት ጋን ላይ ቆሜ አልጠራትም። ይህን ማስፈራሪያ አድርገሽ አትውሰጂው፤ የማደርገውን ነው የነገርሁሽ።

ይቅር ብዬሻለሁም አልልም፤ አላልሁምና። ግን ጠርሙሱን ለሹፌር ከመስጠት ራስሽ ይዘሽው ብትሳፈሪ፣ እሑድ ዶን ኢላሪዮ ሲጠይቅ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ተረኛው እኔ ብሆንም ስሟን አንቺ ጥሪው። እኔ አካፋዬን ይዤ ከቆፋሪዎቹ ጋር እቆማለሁ፤ ዋንጫውንም ከእጅሽ እቀበላለሁ።

ሐሙስ መንገድ ዳር የምታገኚው ወንድምሽ፣
አናክሌቶ