ወንድሜ ያልጀመረውን ሲጋራ እንዴት እንዳቆመ

ውድ ዮፍታሔ፣

ደብዳቤ በ«ውድ» ይጀመራል ብለው ስላስተማሩኝ ነው እንጂ እንደዚያ ተሰምቶኝ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከማቋረጤ በፊት በደንብ የያዝኩት ትምህርት ይኼ ብቻ ስለሆነ ልጠቀምበት።

ባለፈው በወረዳው አዳራሽ «ሲጋራን ያሸነፈ ወጣት» ተብለህ ማይክ ስትጨብጥ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። የሲጋራ ፓኮዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከቁስቋም በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተደብቀን ስናጨስ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ክብሪት መለኮስ አቅቶህ ወደ እኔ ትዞር ነበር። ማጨሱንም እንኳ በቅጡ አልቻልክበትም እኮ።

ማቆምህን አልናቅኩም፤ ደግ አደረግክ። ግን እንዴት እንዳቆምክ እናውቃለን። አክስትህ ከዱባይ የኒኮቲን ማስቲካ ላከችልህ፣ እናትህ ጠበል አመላለሰችህ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆመው መረቁህ፣ ጓደኞችህ አጠገብህ ማጨስ ተዉ። ሙሽራ እንኳ እንደዚያ አይከበብም። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥተህ «የሚያስፈልገው ቁርጠኝነት ብቻ ነው» አልክ።

ቀጥለህ ማን ቶሎ እንደሚያቆም በሰንጠረዥ አሳየህ። የተማረ ካልተማረ ይሻላል፣ ባለትዳር ከላጤ ይሻላል፣ ገንዘብ ያለው ከሌለው ይሻላል። እኔን በየትኛውም ብትወስደኝ ከታች ነኝ፤ እሺ ይሁን። ከዚያ አንዲት ሴትዮ «ሴቶችስ?» ብላ ጠየቀችህ። ፈገግ ብለህ «በእኛ ሰፈር ሴት አጫሽ የለችም» አልክ። አይተኸኛል። ዓይንህ ዓይኔ ላይ አርፎ ነበር። ውሃ ጠጣህና ቀጠልክ።

ለምስክር ያወጣኸው ደግሞ ማንን? ወንድሜን ኑሕን።

ነገሩ የተጀመረው አንዲት ደንበኛ ከሱቃችን የገዛችውን ጋቢ «ሲጋራ ሲጋራ ይላል» ብላ የመለሰች ዕለት ነው። እማዬ አንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም፤ ኑሕን ጠራችው። እሱ ሲጋራ በከንፈሩ ነክቶ አያውቅም፤ ቢምል ቢገዘት «አጫሽ ሁሉ እንዲህ ነው የሚክደው» አለችው። ሸህ ሸምሰዲን መጥተው ዱዓ አደረጉለት። ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ቤዛብሕ ማር ይዘው መጡና «አይዞህ ልጄ፣ እኔንም በወጣትነቴ ታግሎኛል» አሉት። እማዬ ራሷ ጤና ጣቢያ ወስዳ ምክር አሰጠችው። ኑሕ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ማሩን ሲቀምስ ዝም አለ። ቆይቶማ «ምግብ ስበላ ሲጋራ ያምረኛል» ማለት ጀመረ። እኔ ጓሮ አጭሼ ሽታው በመጣ ቁጥር «አገረሸበት» ተብሎ ሌላ ማር ይመጣል። በመጨረሻ ዳነ ተባለ፤ አንተም አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አስጨበጨብክለት። ኑሕ እንደማያጨስ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ሽታው የማን እንደሆነም።

እኔ ደግሞ ከልቤ ማቆም ፈልጌ ነበር። ነጠላ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ደረቴን ያፍነኛል። ረመዳን ላይ ቀን ሁላችንም እንተዋለን። ወንዶቹ ካፈጠሩ በኋላ ደጅ ወጥተው ያጨሳሉ፤ እኔ ቦታ ስለሌለኝ ሌሊቱንም እተዋለሁ። ለእነሱ «ወሩን ሙሉ ቻሉት» ይባላል፤ ለእኔ ማን ይበል? ዒድ ሲደርስ ብቻዬን ተመልሼ ለኮስኩ።

ስለዚህ ለእማዬ ነገርኳት። «ሽታው የእኔ ነው» አልኳት። ሳቀች።

«ወንድምሽን ልታድኚ ነው? አላህ ይስጥሽ፣ አንቺ እኮ ቀልድ ብታበዢም ልብሽ ደግ ነው።»

ሁልጊዜ ስቀልድ ስለምውል ማን ይመነኝ? ሳጨስ ያየኸኝ አንተ ብቻ ነህና ደወልኩልህ። መጥተህ ለእማዬ እውነቱን እንድትነግራት ብቻ።

«ሙኒያ፣ አሁን እኮ ሰው ያውቀኛል» አልክ። «የት አብራችሁ ነበራችሁ ብትለኝስ?»

«ባሕር ዛፍ ሥር በላት።»

«ቀልዱን ተይው በቃ» ብለህ ዘጋኸው።

ዘጋኸው። እኔም አንተን መጠበቅ ተውኩ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ሱቁ ውስጥ እማዬ ፊት ተቀመጥኩና ለኮስኩ። ጀማሪ እንዳልሆንኩ ከአያያዜ ገባት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ።»

ሲጋራውን ከእጄ ወስዳ በጫማዋ ረገጠችው። ሻርፗን አስተካከለች። «ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች።

«በጓሮ በኩል እንሂድ፣ ሰው ያየናል» አልኳት።

«ወንድምሽን በጓሮ ነው የወሰድኩት?»

በዋናው መንገድ፣ ግራና ቀኝ ነጠላ በተሰቀለባቸው ሱቆች መሃል፣ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ነርሷ «ለልጁ ነው?» ስትል እማዬ ቀድማኝ «ለሴት ልጄ ነው» አለች።

ከባድ ነው፣ ዮፍታሔ። ትናንት አንድ አጨስኩ፤ እማዬም ታውቃለች። ዛሬ እስካሁን አልነካሁም። አብሮኝ ያጨስ የነበረው ማን እንደሆነ ደጋግማ ጠይቃኛለች። አልነገርኳትም። ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ፤ ያን ቀን እጄን ይዛ ሽሮ ሜዳን ያቋረጠች ሴት ፊት ስምህ የሚጠራ ስላልመሰለኝ ነው።

ደህና ሁን፤ ማይክህንም ጠበቅ አድርገህ ያዝ።

ሙኒያ