ዋናዋ ሴት ምን ትፈልጋለች?

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ሙቀቱ ዛሬ ለጉድ ነው። መብራት ጠፍቶ ዋለ። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና ስረግጥ ዋልኩ፣ ጉልበቴ አልቋል። አንድ ድሪያ ቀሚስ መስፋት፣ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ማጥበብ… ሙሽሮች ሰርጋቸው ሲደርስ ለምንድነው የሚከሱት?

ሣህሉ መጣ። ሰርግ የሚቀርጸው ሣህሉ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ካሜራ ይዞ ሙሽራ ሲያሳድድ ወድቆ! እየሰፋሁለት እንዲህ አለኝ፦

"ከቅዳሜ ጀምሮ የፊልም ጽሑፍ ላስተምር ነው፣ ከዚራ ሰፈር ያለው አዳራሽ። ለጀማሪ ነው። ነይ።"

"እኔ? አቦ ተወኝ! እኔ የማውቀው ቀሚስ ነው።"

"ቀሚስም እኮ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው የሚሰፋው። ሰው ግን ፊልም ሲጽፍ ሳይለካ መስፋት ይጀምራል።"

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ እንጃ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት አልገፋ ይለኛል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አብዛኛው ልጅ እግር ነው። አንዱ ፖሊስና ሌባ ሊጽፍ፣ አንዷ ስለ ዘፋኝ። ሣህሉ፣ "ታሪካችሁን በአንድ ትንፋሽ ንገሩኝ። ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው?" አለ።

ተራዬ ደረሰ። "አንዲት ሴት አለች። አንድ ሰው ትፈልጋለች" አልኩ።

"እሱን ለማግኘት ምን ታደርጋለች?"

"ትጠብቀዋለች።"

አዳራሹ በሳቅ! ሣህሉ ግን አልሳቀም። "ሉብና፣ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሴት አንድ ሰዓት ሙሉ ብቀርጽ፣ ሰው ተነስቶ ቤቱ ይሄዳል። ዋናዋ ሴት የሆነ ነገር ማድረግ አለባት" አለኝ።

ተናደድኩ። ምን ያውቃል እሱ? ጠብቆ የማያውቅ ሰው ነው መጠበቅን ሥራ መፍታት የሚያደርገው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ጦልሃ። ይኸው ስሙን ጻፍኩት… ከጻፍኩት ስንት ጊዜዬ!

ቀፊራ ገበያ ጥግ ላይ ሬዲዮና ስልክ ይጠግን ነበር። ሊያገባኝ ፈለገ፣ እኔም ፈለግኩ። ሽማግሌ ሊልክ ሲል እናቴ ወደቀች። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። "እሷን ትቼ አልወጣም፣ ትንሽ ታገሰኝ" አልኩት። ታገሰ። ሲታገስ ሲታገስ፣ ከተማው አልሆን ብሎት ሱቁን ነቅሎ ዋሂል ገባ።

ሳዑዲ ቢሄድ እኮ ይሻለኝ ነበር! ባህር ለየን እል ነበር። ዋሂል! ጠዋት በሚኒባስ ሄደው ከሰዓት የሚመለሱበት ዋሂል!

እናቴ አምና በረመዳን አረፈች። ጦልሃ ለቅሶ መጣ። ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ተቀመጠ፣ ዱዓ አደረገ፣ "አላህ ያጽናሽ" አለኝና ሄደ። በቃ። ሌላ አላገባ፣ ለኔም አልላከ። ምን ማለት ነው? ትቶኛል? ከተወኝስ ያንን ሁሉ መንገድ ለምን መጣ?

ናፍቆኛል። ምን ላድርግ፣ ናፍቆኛል።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሣህሉ ዛሬ የፊልምን አካሄድ በሰርግ አስተማረ። ከሰርግ ሌላ ምን ያውቃል!

"መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል። ሰውየው የሚፈልገውን በሰው ፊት ተናገረ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ይሄ አንደኛው ክፍል ነው። መሃሉ ድግሱ ነው። ጣጣው ሁሉ እዚያ ነው፤ አጎት ያኮርፋል፣ ድንኳን ይወድቃል፣ ሚዜ ይጠፋል። እየባሰ እየባሰ መሄድ አለበት። ሦስተኛው ኒካ በሉት ተክሊል በሉት፣ ወይ ሆነ ወይ አልሆነ የሚባልበት ነው።"

ሁሉም ገባው። እኔም ገባኝ። የኔ ታሪክ እኮ ገና ሽማግሌው ጋ ነው የቀረው። ስንት ዓመት ሙሉ አንደኛው ክፍል ላይ!

የቤት ሥራ፦ እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ ዓረፍተ ነገር በካርድ ላይ መጻፍ፣ ግድግዳ ላይ መደርደር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ልብስ የምለካበትን ካርቶን ቆራርጬ ጻፍኩ። ሱቁ ግድግዳ ላይ በስፒል ሰካሁት። ሴትዮዋ ትሰፋለች፣ በሩን ታያለች። ሴትዮዋ ሻይ ታፈላለች፣ ስልኳን ታያለች። ሴትዮዋ ከገበያ ትመለሳለች፣ ማንም አልመጣም…

ቢሻሮ ገባች። ጨርቅ ነጋዴዋ ቢሻሮ፣ ሸማች ስታጣ እኔ ጋ መጥታ የምትቀመጠው። እየጮኸች አነበበችው። መንገዱ ሁሉ ሰማ።

"ናያ ሉብና! ይቺ ሴትዮ እግር የላትም?"

"አላት።"

"ታዲያ ምን ሆና ነው የማትሄደው?"

"የሚልከው ወንዱ ነዋ!"

"ካልላከስ?"

መርፌ አንስቼ መስፋት ጀመርኩ።

"ወላሂ ይሄን ፊልም እኔ አላየውም። እንቅልፍ ይወስደኛል።" ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰውየው የቀፊራው ጦልሃ ነው አይደል?"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ከኔ በቀር ሁሉም ሲያወራው ነበር ማለት ነው?

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ሣህሉ ካርዶቼን እንደ ካርታ በወዛቸው። ገልብጦ ደረደራቸው። "ሦስተኛው አምስተኛ ቢሆን ምን ይለወጣል?"

ምንም።

"አንዱን ብናወጣውስ ምን ይፈርሳል?"

ምንም አልኩ፣ ሳልወድ በግድ።

"ይሄ ታሪክ አይደለም፣ አመልሽ ነው" አለኝ። ምላሱ ይቆረጥ! እሺ ብዬ እዚያው አዲስ ካርድ ጻፍኩ፦ ሰውየው በሩን ያንኳኳል።

"ለምን መጣ?"

"ናፍቃው።"

"እስከዛሬ ሳትናፍቀው? አጋጣሚ ሰው ላይ መከራ ቢያመጣ ተመልካች ያምናል። መከራውን ሲያነሳለት ግን ተሸወድኩ ይላል። ሴትዮዋ ራሷ ታምጣው።"

ባጃጅ ውስጥ እስከ ሰፈሬ ሳቢያን ድረስ አለቀስኩ። ሹፌሩ ዘፈኑን ቀነሰልኝ፣ ምስኪን። ምን መሰለው ይሆን? ሰው የሞተብኝ ሳይመስለው አይቀርም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

አልጽፍም። ፊልሙም ይቅርብኝ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ትምህርት ቀረሁ። ቢሻሮ ስትመጣ ጓዳ ገብቼ ካውያ ሳግል ነበር። ስወጣ ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ተጨምሯል። በራሷ ጽሕፈት፣ ፊደሉ ተንጋዶ፦ ሴትዮዋ ዋሂል ትሄዳለች።

"ማን ስኪ አለሽ?"

"ሀዬ፣ ንቀይው እንግዲህ።"

አልነቀልኩትም። ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ብትሄድ ምን ይላታል? ይስቅባት ይሆን? "አሁን ትዝ አልኩሽ?" ይላት ይሆን? አጠገቡ ሌላ ሴት ተቀምጣ ብታገኝስ? ሁሉንም በየካርቶኑ ጻፍኩ። እንደዚህ ጽፌ አላውቅም… ያስፈራል፣ ግን እንቅልፍ አያመጣም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ተመለስኩ። ሣህሉ አንብቦ፣ "አሁን ገና ጀመርሽ" አለ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "እምቢ ቢላት ምን ታጣለች?"

"ክብሯን።"

"እሱ ይመለሳል። ሌላስ?"

አሰብኩ። "ተስፋዋን" አልኩ። "ካልሄደች ቢያንስ 'ይመጣል' እያለች ትተኛለች። ሄዳ እምቢ ካላት በምን ትተኛለች?"

ማንም አልሳቀም። የፖሊስና ሌባው ልጅ እንኳ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ ልሄድ ነበር። ለብሼ ነበር እኮ፣ ሰማያዊውን። ጠዋት ዘነበ፣ ደቻቱ ወንዝ ሞላ ተባለ። እሰይ አልኩ፣ መንገዱ ተዘጋ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያየኛል? ዝናቡ አራት ሰዓት ላይ አባራ። ድልድዩም ላይ ሰው ሲሻገር ዋለ። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ በሰማያዊ ቀሚስ ቤቴ ተቀምጬ ነበር።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

በጠዋት ወጣሁ፣ ሳላስብበት። ሚኒባሱ ሽንኩርትና ጀሪካን ጭኖ፣ አንዷ ሴት ሕጻኗን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ… ሕጻኑን ይዤ እንዴት መንገድ ላይ እወርዳለሁ? እንዲያ ሆኖ ደረስኩ።

ሱቁን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሬዲዮ ውጭ ድረስ ይጮሃል። ጎንበስ ብሎ ስልክ እየፈታ ነበር። ሸብቷል። ጎንና ጎኑ፣ ጆሮው ጋ። ማንም ሽበት እንዳወጣ አልነገረኝም!

ቀና ሲል ደነገጠ። "ሉብና! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። በካርቶን የጻፍኩት፣ መንገድ ላይ የደጋገምኩት። አፌ ያመጣውን አወጣሁ፦ "ለምን አልላክህም?"

ሬዲዮውን አጠፋ። በርጩማ አቀረበልኝ፣ በእጁ ጠረገው። ከዚያ፦

"ማን ጋ ልላክ?"

"እንዴት ማን ጋ?"

"አባት የለሽ። ወንድም የለሽ፣ አጎት የለሽ። እናትሽ ነበረች፣ እሷም ሄደች። ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ነበር እኮ፣ አምና ለቅሶው ካለፈ በኋላ። 'የማን ቤት ነው የምንሄደው? የቤቱ አባወራ ማን ነው?' ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ላስብበት ብዬ በተንኳቸው። ከዚያ አንቺም ዝም አልሽ። እኔም የተውሽኝ መሰለኝ።"

እኔ ተውኩት! እኔ! በዚህ ምክንያት ብቻ? ዓመት ሙሉ እሱ እዚህ የሚልክበት ቤት ሲያጣ፣ እኔ እዚያ የሚላክልኝን ስጠብቅ… ልስቅ ነው ላለቅስ ነው አላወቅኩም።

"እኔ ጋ ላክ" አልኩት።

"አንቺ ጋ? ሉብና፣ እንዴት ይሆናል? ተደርጎ አያውቅም። ሰው ምን ይላል?"

"ቤት አለኝ። ወንበር አለኝ። የሚሉትን የምሰማበት ጆሮ አለኝ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?"

አንድ ሰውዬ ስልኩ አልሰማ ብሎት ገባ። ተነሳሁ፣ ሚኒባሱ ያመልጠኛል አልኩ። በር ድረስ ሸኘኝ፤ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

"መጨረሻውስ?" አለኝ ሣህሉ።

"አላውቅም።"

"አላውቅም አይባልም፣ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ።"

"ሴትዮዋ የምታደርገውን አደረገች። የቀረው የሰውየው ነው" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከረኝ ካርዶቼን መለሰልኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ናፍቆቱ ባሰ እኮ! ሄጄ ሳየው ይቀልልኛል ብዬ ነበር። ድሮ የሚናፍቀኝ የዱሮው ጦልሃ ነበር፣ አሁን ሽበታሙ ነው። በርጩማውን በእጁ የጠረገው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ምንም የለም። ቢሻሮ "ላከ?" ማለቱን ትታለች። ከጠየቀችኝ ይልቅ ዝም ስትለኝ ያመኛል።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ቤቴ መጡ። ሦስት ሆነው፣ ነጭ በነጭ። ትልቁ ሼህ ሙመድ ይባላሉ፣ ምርኩዝ ይዘዋል። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ አጠገቤ የነበረችው ቢሻሮ እጄን ቆነጠጠችኝ፣ አሁንም ሰንበር አለ።

አስገባኋቸው። ተቀመጡ። ወደ ጓዳ ያያሉ፣ ወደ በሩ ያያሉ፤ የሚመጣ ወንድ እየጠበቁ። ሼህ ሙመድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የቤቱ ባለቤት የለም?"

"አለሁ" አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሊነሳ ሁሉ ቃጣው። ሼህ ሙመድ በምርኩዛቸው ጉልበቱን ነካ አደረጉትና ተቀመጠ። ከዚያ እንደ ደንቡ ጀመሩ፤ ቢስሚላህ፣ ሰለዋት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ዘር… "ልጃችን ጦልሃ ልጃችሁን…" ሲሉ ቆሙ። "ልጃችሁን" የሚሉት ማንን ነው? ባዶ ወንበር ነው ያለው። የእናቴ ወንበር። አቦ፣ እንዴት ናፈቀችኝ! እሷ ብትሆን ሻሿን አስተካክላ፣ ደረቷን ነፍታ፣ "እንመካከርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ" ትላቸው ነበር። ደንቡ እንደዚያ ነው። ሴቲቱ ጓዳ ትሆናለች፣ ሽማግሌው ይመላለሳል።

ቢሻሮ ከኋላዬ፣ "ለኒካው ቃዲው ወሊ ሆኖ ይድርሻል፣ አትፍሪ" አለችኝ በሹክሹክታ። ለኒካውስ እሺ። ለዛሬውስ?

"ልጄ" አሉኝ ሼህ ሙመድ፣ ግራ ገብቷቸው፣ በደግ ፊት። "ሉብናን ብለን መጥተናል። የሚሰጠን ማን ነው?"

ተነስቼ እናቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"የምሰጣችሁ እኔ ነኝ" አልኩ። "ሰጥቻችኋለሁ።"