ምንም አልጎደለብንም ያልኩበት ቅጽ

ለልጄ ለፈትሂያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። ባለሽበት ሁሉ አላህ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ብሷል፤ ወንድምሽ አብዱልወሀብ ከኮምቦልቻ በመጣ ቁጥር «እኛ እዚያ በሸሚዝ ነው የምንውለው» እያለ ያበሽቀኛል።

የሥዕል ኮሌጅሽ የክፍያ ድጋፉን የቀነሰብሽ እኔ ባስሞላሁት ቅጽ መሆኑን በስልክ ከነገርሽኝ ወዲህ፣ ወላሂ፣ በራሴ ስናደድም ስስቅም ሰነበትኩ። ጎረቤታችን መምህር ጁነይድ ሲያነብልኝ «ቤተሰቡ ምን ይጎድለዋል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም ብለህ ጻፍልኝ» አልኩት። ጻፈው። ለካስ እነሱ ዘንድ ያመሰገነ ሁሉ ሀብታም ነው!

ትናንት እንደገና ሞላነው። ሰኞ ገበያ ከምሸጠው ጎመንና ሽንኩርት የማገኘውን ሳልደብቅ ነገርኩት። የድህነት ማስረጃ ለማጻፍም ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው «ድሃ ናቸው» ብሎ ሲጀምር ግን አላስቻለኝም። «ልጄ፣ ገንዘብ አጥሯቸዋል በልልኝ» አልኩት። ስቆ አስተካከለው።

አንቺ ብቻ ቀለም ልግዛ ብለሽ እራትሽን እንዳትተዪ። ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ አንገትሽ ቀጥኖብኛል።

አላህ እጅሽን ይባርከው፤ የጀመርሽውን በሰላም ያስጨርስሽ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ አዲሱን ቅጽ ስትሰጫቸው፣ «እናቴ በፊተኛውም አልዋሸችም» በያቸው።

እናትሽ ዘይቱና
ከሆጤ፣ ደሴ