በጀርባዋ የሣልኩት ከረጢት

ሰኞ

ጉድ ፈላ። ሐሙስ ኢንስፔክተር በባቡር ይመጣሉ የሚል ቴሌግራም ደርሷል፤ የሚያዩት የእኔን ክፍል ነው። ለቋሚ መምህርነት ካላለፍኩ ወደ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ። እዚያ ደግሞ አባቴ የመረጠልኝ ባል ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሰውየውን አልፈልገውም፣ በቃ።

ሰሞኑን ያስተማርኩት የአውስትራሊያዋን ትንሽ ባለከረጢት እንስሳ ከአዋሽ ዳሩ ወፍ ከግንደ ቆርቁር ጋር ማወዳደር ነው። ሁለቱም የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ይኖራሉ። ወፏ እንቁላል ትጥላለች። ያቺኛዋ ባቄላ የምታህል ልጅ ወልዳ በከረጢት ትሸከማለች። መጽሐፉ ሥዕል ስለሌለው ራሴ ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው፤ አርባዎቹም ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ከረጢቱን ጀርባዋ ላይ ነው ያደረግኩት፣ ልክ እንደ አንቀልባ።

ማክሰኞ

ደብተር አረምኩ። የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ልጅ ፋጡማ እንስሳዋን ሻሽ አስራላታለች። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ትኬት ሻጩ አቶ ሰዒድ መጡ። እንስሳዋን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ብያቸው ስለነበር ከጥጥ እርሻው ፈረንጅ ቤት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ተውሰውልኛል። ገለጥኩት። ወይ ጉዴ! ከረጢቱ ሆዷ ላይ ነው። ልጅ በሆድ የሚታዘለው የት አገር ነው? አቶ ሰዒድም ግራ ገብቷቸው፣ አላህ እንዲያ ከፈጠራት ምን ይደረጋል አሉኝ።

ረቡዕ

ሥዕሉን ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም። ዳይሬክተሩን ባማክራቸው፣ ነገ እንግዳ እየመጣ ዛሬ ደብተር ማስደለዝ እብደት ነው፤ ደግሞስ ማን ያውቅብሻል አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ መልሶ አናደደኝ። ሦስቴ ጠመኔ አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩና ማባዛት ሳስተምር ዋልኩ።

ሐሙስ

መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ላብ አጥምቋቸዋል። ከኋላ ተቀምጠው ሁለቱን እንስሳት አወዳድሩ አሉ። ፋጡማ ተነሳች። ወፏ ጫጩቶቿን ሽንቁሩ ውስጥ ትታ ምግብ ፍለጋ ትሄዳለች፣ ያቺኛዋ ግን ልጇን በጀርባዋ አዝላ ትዞራለች አለች።

«ጎበዝ፣ ልክ ነው» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

አለፍኩ ማለት ነው። ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌ አላርፍ አለኝ።

«ጌታዬ፣ ልክ አይደለም። በሆዷ ነው። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ፋጡማን ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አልኳት። ሥዕሉን አጥፍቼ እንደገና ሣልኩ። አርባ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲደልዝ ኢንስፔክተሩም ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ሰረዙ።

ባቡሩ ከሄደ ቆይቷል። የሰረዙት «ልክ ነው» ያሉትን ይሁን ወይስ እኔን፣ አላውቅም።