የአክስት ዶርከስን ፍሪዘር በክብር ጡረታ ላወጣው ጽሕፈት ቤት

ለክቡር አቶ ላንስ ዊክሃም
የደቡብ ጠረፍ ኃይል ቁጠባ ጽሕፈት ቤት፣ «ክብር ያለው ጡረታ» የተባለው የአሮጌ ማቀዝቀዣዎች መርሐ ግብር ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ጥግ ቆማ ምሳዎን የምታቀዘቅዘው ትንሿ ፍሪጅ ሁላችሁም በመልካም ጤንነት እንድትሰነብቱ ምኞቴ ነው። እኛ የዶግቤሪ ኮቭ ነዋሪዎች፣ ባሕሩ ጀልባዋን ባሳለፈልን ቀን ዱቄትና ደብዳቤ እየተቀበልን፣ ባላሳለፈልን ቀን ደግሞ እርስ በርስ እየተያየን፣ ደህና ነን፤ አንዲት ሴት ሲቀሩ። የምጽፍልዎም ስለ እሳቸው፣ ወደ ገዛ ቤታቸው ለመመለስ አንድ የሚሠራ ፍሪዘር ብቻ ስላስፈለጋቸው ስለ አክስት ዶርከስ ፓርዲ ነው።

ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ቀደም ሲል በቀጥታ ለጽሕፈት ቤትዎ የላክኋቸው ሁሉ «ስላገኙን ከልብ እናመሰግናለን» የሚል ምላሽ አስገኝተውልኛል። ይህን ያህል ምስጋና ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ከበደኝና፣ ከሕዝብ ጋር ልካፈለው ብዬ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከሁለት በጋ በፊት፣ ኮፍያ የደፋች ሳቂታ ፍሪጅ የተሣለባት ነጭ መኪናዎ ከጀልባዋ ስትወርድ መንደሩ በሙሉ ወደብ ላይ ነበር። ያረጀውን ስጡን፣ አዲስ እንሰጣችኋለን፣ መብራትም ትቆጥባላችሁ ተባልን፤ ስለ ቸርነትዎ እናመሰግናለን። በመመሪያዎ ተራ ቁጥር አራት ላይ በደማቅ ቀለም የተጻፈች አንዲት ሁኔታ ነበረች፦ አሮጌው ዕቃ የሚሠራ መሆን አለበት። የተበላሸ ዕቃ መብራት ስለማይበላ፣ እሱን ማስወገድ ቁጠባ ተብሎ አይመዘገብምና፣ የተበላሸ አትወስዱም። ስሌቱን አገላብጠን አየነው፣ እንከን የለውም። የመደብሯ ግላዲስ ብቻ፣ «ቆይ፣ የሞተውን ትታችሁ በሕይወት ያለውን ነው እንዴ የምትቀብሩት?» ብላ ጠየቀች። ሠራተኛዎ ልጅ እግር ስለነበር ሳቀ።

የአክስት ዶርከስ ፍሪዘር እንዳጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሰሞን ቆሞ ነበር። (እዚህ ያረጀ ሰው ሁሉ አክስት ወይም አጎት ነው፤ የማንም ዘመድ መሆን አያስፈልገውም።) መብራት ወደ መንደራችን በገባ ዘመን ከባላቸው ጋር ገዝተው በጀልባ ያመጡት፣ በቁመቱና በወርዱ የሬሳ ሣጥን የሚያህል፣ ሲሠራ ጎረቤት የሚሰማው ዕቃ ነበር። አዲስ የማግኘት ዕድል እንዳያመልጣቸው ወደ አዛርያ በጅል ሄዱ። አዛርያ ፍሪዘርም የጀልባ ሞተርም ይጠግናል፤ ግቢው መርከብ የተሰበረበት ዳርቻ ይመስላል፤ ምላሱም ከግቢው አይሻልም። ንግግራቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ጠግንልኝ፣ አዛርያ።»
«ለምን?»
«ሊወስዱት።»
«ወስደው ምን ሊያደርጉት?»
«ሊገድሉት ነዋ።»
«ሴትዮ፣ ሞቷል እኮ! ምን ቀራቸው?»
«እነሱ የሚፈልጉት በሕይወት ያለ ነው። አትከራከረኝ፤ መሣሪያህን ይዘህ ና።»

ይዞ መጣ። ሞተሩን የምታስነሳውን ትንሽ ዕቃ በግቢው ከወደቀ ሌላ ፍሪዘር ፈትቶ ገጠመላቸውና፣ ከሰዓት በኋላ አሮጌው እንደ ድሮው ያንኮራፋ ጀመር። በማግስቱ ሠራተኞችዎ ሰክተው ሞከሩት፣ እስኪቀዘቅዝ የአክስት ዶርከስን ዳቦ በቤሪ ማርማላታ እየበሉ በትዕግሥት ጠበቁት፣ «እጅግ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ብለው መዘገቡት፣ ከዚያም ገመዱን ቆረጡት፣ ቧንቧውን በጥሰው ጋዙን አወጡት። እንዲህ ያለ ጨዋነት አይተን አናውቅም። ሰው እንኳ ሲሞት እንዲህ አይመረመርም።

በዚያ በጋ አዛርያ ለሞት የሚበቁ እስኪሆኑ ድረስ የግማሹን መንደር ፍሪዘሮች ጠግኗል። «ሐኪም ነኝ ብዬ አስብ ነበር፣» ይላል አሁን መደብር ተቀምጦ፣ «ለካ የእርድ ከብት አድላቢ ኖሬያለሁ።»

ሁለተኛ። ሬሳዎቹን ስለተዉልን እናመሰግናለን። በጭነት ጀልባ ይወሰዳሉ፣ ተፈጭተው አዲስ ብረት ይሆናሉ ተብሎ ወደቡ ላይ ተደርድረው ነበር። ጭነት ጀልባዋ እስከ ዛሬ አልመጣችም። ሁለት ክረምት በረዶ ለብሰው፣ ጭልፊቶች ተቀምጠውባቸው፣ «የጽሕፈት ቤቱ ንብረት፣ መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከፊታቸው ተተክሎ ይታያሉ። ሰሌዳው አይዝግም፤ ጥራት ያለው ሥራ ነው።

ሦስተኛ። ስለ አዲሱ ፍሪዘር። ነጭ ነው፣ ጸጥተኛ ነው፣ ክዳኑ ሲከፈት ትንሽ ዜማ ያሰማል፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መብራት አለው። አክስት ዶርከስ ወደውት ነበር። «ይዘፍንልኛል፣» ይሉ ነበር፤ «ያኛው ያንኮራፋ ነበር። እርግጥ ማንኮራፋቱን ከባሌ ለምጄዋለሁ።»

እዚህ ላይ የእኛን ልማድ ላስረዳዎ ግድ ይለኛል። ወጥ ቤታችን በእንጨት ምድጃ ስለሚግል ፍሪዘር ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ቦታው ከቤቱ ጎን ያለችው፣ ቁልፍ የሌላት የሳንቃ መጋዘን ናት። ቁልፍ የሌላትም በምክንያት ነው። በመከር ሙስ የምንለውን ግዙፍ አጋዘን ያደነ ሰው፣ ከድርሻው ቆርጦ ሽማግሌና ባልቴት ያለበት መጋዘን ይገባል፣ ፍሪዘሩን ከፍቶ ያስቀምጣል፣ ዘግቶ ይወጣል። በር አያንኳኳም። ባለቤቷም ሰጪው ማን እንደሆነ አትጠይቅም፣ አታመሰግንም፤ ካመሰገነች ምጽዋት ይሆናላ። እንዲህ እያደረግን ማንም ማንንም ሳይለምን ክረምቱን እናልፋለን። አክስት ዶርከስ ባላቸው ከሰጠሙ ወዲህ የኖሩት በዚያ ክዳን ሥር ነው።

አዲሱ ፍሪዘር በሁለተኛው መከር ሞተ። ሆኖም አረንጓዴ መብራቱ አልጠፋም፤ የእሱ ሥራ ገመዱ መሰካቱን ማብሰር ብቻ ነውና። ዜማውም አልተቋረጠም። እኛም፣ ሞኞቹ፣ አረንጓዴውን እያየን፣ ዜማውን እየሰማን፣ መጋዘኑ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ እጃችን ቅዝቃዜ እየነካ፣ ሥጋውን መከመር ቀጠልን። አንዱ ከአንዱ ጋር አይነጋገርም፤ ስለማስቀመጥ አይወራምና። ጥር ላይ ያ ዝናባማ ሙቀት መጣ፣ በረዶው ቀለጠ፣ የመንደሩ ሙስ ሁሉ በአረንጓዴ መብራት ሥር በሰበሰ።

አክስት ዶርከስ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ወደ አምራቹ የእርዳታ ስልክ ደውለው እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። ልጅቷ ትሑት ነበረች አሉ።

«ፍሪዘሩ የት ነው ያለው፣ እናቴ?»
«መጋዘን ውስጥ።»
«መጋዘኑ ማሞቂያ አለው?»
«የኔ ልጅ፣ ፍሪዘር የሚያሞቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ አላየችም ኖሮ፣ ዋስትናው የሚያገለግለው ዕቃው በሞቀ ክፍል ከተቀመጠ ብቻ መሆኑን፣ የተበላሸችውም የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ቦርድ ለብቻዋ እንደማትሸጥ፣ በበጎ ፈቃዳቸው ግን አዲስ ፍሪዘር መግዛት እንደሚችሉ አስረዳቻቸው። ኋላ አዛርያ ሲከፍተው ሞተሩ ጤነኛ፣ ጋዙ ሙሉ፣ አካሉ ገና ሙሽራ ነው፤ የሞተችው ብስኩት የምታህለው ቦርድ ብቻ ናት። እሷም እንዳትከፈት በሙጫ ተደፍናለች። «ይቺን የሠራ ሰው፣» አለ፣ «እናቱ ደብቃ ነው ያሳደገችው።» ሦስት ቀን ታግሏት ተሸነፈ።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው አክስት ዶርከስን። «ማንን ነው የምነግረው?» አሉኝ። «ለእናንተ ብነግር፣ ሥጋችሁ ጠፋ ማለት ነው። ማን እንዳስቀመጠ አውቃለሁ ማለት ነው። ሌላ አምጡልኝ ማለት ነው። ለአዛርያ ብነግር ደግሞ ይሳለቅብኛል።» አዛርያን ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ፣ «እሳለቅባት ነበር፣» አለ።

አራተኛ። ነርሷ እግራቸውን ልታይ በመጣችበት ቀን ሽታው መራት። ክዳኑን ከፈተች። የጻፈችው እውነት ነው፣ አልወቅሳትም፦ «ምግቧን በአግባቡ ማስቀመጥ አልቻለችም፤ ብቻዋን መኖር አደገኛ ነው።» በሚቀጥለው ጀልባ ወደ ከተማው የአረጋውያን ቤት ተወሰዱ፤ ቦርሳቸውን እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ከጀልባዋ ሆነው ወደብ ላይ የተደረደሩትን አይተው፣ «የኔው ያውና፣ ሦስተኛው፣» አሉ። ለመመለስ አንድ ሁኔታ ተቀመጠላቸው፦ በቤታቸው የሚሠራ ፍሪዘር መኖሩ ይረጋገጥ።

አምስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወደር የለውም። የሌላው ሰው ሁሉ አዲስ ፍሪዘር እንደዚያኛው ዜማ የሚያሰማ ስለነበር ማንም የገዛ ፍሪዘሩን ማመን አቅቶት ነበርና፣ የአክስት ዶርከስን አሮጌ ፍሪዘር ከወደብ አንስተን እንድንጠግን ፈቃድ ለመንንዎ። ዕቃውን ከመስኮቴ እያየሁት ነበር የጻፍኩት። የጽሕፈት ቤትዎ መልስ፣ የተጠቀሰው ፍሪዘር በመዝገብ መሠረት ተፈጭቶ አዲስ ብረት ስለሆነ ጥያቄውን ማስተናገድ አይቻልም የሚል ነበር። ቀና ብዬ በመስኮት አየሁ። አንድ ጭልፊት በአዲሱ ብረት ላይ ቆማ ነበር።

ስለዚህ ሰረቅነው። ክቡርነትዎ ይህን ለፖሊስ ማሳወቅ ቢሹ፣ በሌሉ ዕቃዎች ስርቆት ክስ የሚመሠርት ዐቃቤ ሕግ እንዲያገኙ እመኛለሁ። በቀን ብርሃን፣ በበረዶ መንሸራተቻ ጎትተን፣ በመደብሩ ፊት ለፊት አሳለፍነው፤ ግላዲስ በር ከፍታ አጨበጨበች። አዛርያ ቧንቧውን በየደው፣ ገመድ ቀጠለለት፣ ጋዙን የዓሣ መርከብ ማቀዝቀዣ ከሚጠግን ዘመዱ አስመጣ። ጋዙን የያዘችው ጀልባ በማዕበል ምክንያት ሳምንታት ቆየች። ለአክስት ዶርከስ በየእሑዱ ስልክ እደውል ነበር። «ተነሳ?» ይሉኛል። ሌላ አይጠይቁም። በኋላ በኋላ ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ፤ በዚያ ቤት ሾርባ በሳህን ይመጣል፣ የሚከፈት ክዳን የለም፣ ሰው ሲገባም ያንኳኳል፤ ይህን ሁሉ እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ወሬ ነገሩኝ።

ሞተሩ ማክሰኞ ተነሳ። አዛርያ መጋዘኑ ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ፣ እንዳይቆምበት የፈራ ይመስል ሲያዳምጠው አመሸ። እሑድን መጠበቅ አልቻልኩምና ያኔውኑ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሌላ ሴት ነበረች፤ ጠዋት ማረፋቸውን ነገረችኝ።

በጀልባዋ ተመለሱ፤ ሁኔታው ተሟልቷልና። የሚሠራ ፍሪዘር በቤታቸው ነበር። የለቅሶው እራት በሙሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፦ ከየቤቱ የተረፈው ሙስ፣ ኮድ ዓሣው፣ የግላዲስ ዳቦ። ማን ምን እንዳስቀመጠ አላውቅም። ማንም አላንኳኳም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በአዲስ ብረትነት ተመዝግቦ በሚያንኮራፋ ፍሪዘር አጠገብ ተቀምጬ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ የቆጠበውን መብራት ያህል የቀለለ ኅሊና፣ ለክቡርነትዎም ገና እየሠሩ ሳሉ ማንም የማይመረምርዎትን ጡረታ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ኦገስተስ ኪፒንግ
ዶግቤሪ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከቀብር ተመልሰን እራት ላይ ሳለን የአክስት ዶርከስ ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። ከጽሕፈት ቤትዎ ነበር፤ ድምፀ መልካም ወጣት። የቤቱ የመብራት ፍጆታ በድንገት መጨመሩን ስላዩ፣ ወይዘሮ ፓርዲ ያላስመዘገቡት አሮጌ ፍሪዘር ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። «ይሠራል?» አለኝ። ጆሮዬን ወደ መጋዘኑ ጣል አደረግሁ። «ይሠራል፣» አልኩት።

«ግሩም!» አለኝ፤ «እንግዲያውስ ልንወስደው እንችላለን።»