የተረተርኩት ጓንት

ለዕድሜ ልክ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? ከአልጋሽ ወርደሽ እስከ መስኮቱ መሄድ መጀመርሽን የመጦሪያው ነርስ ጽፋልኝ ደስ ብሎኛል። የእጅ ጽሑፏን ግን ያስተማሩን መነኮሳት ቢያዩት ጣቷን በማስመሪያ ይሏት ነበር። ቤታችን የቀረነው ሁለት አሮጊቶች ደህና ነን። ዶርካስ ዛሬም ሻይዋ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ትጨምርና አንድ ነው ብላ ትዋሸኛለች።

ስለ ክሪስታ ልንገርሽ። በግንቦት የሸርጣን ማጥመጃ ጀልባው ሰጥሞ የሞተው የጀሮም እጮኛ ናት። ለእሱ ብላ ከሩቅ መጥታ ደሴታችን ላይ ብቻዋን ቀረች። ወደ አገሯ እንዳትመለስ መሻገሪያው ጀልባ ነው፤ ጀልባ ላይ ደግሞ እግሯ አልረግጥ አላት። ቄሱ ለአንድ ሳምንት አሳድሯት ብለውን አምስት ወር ሆናት። አንቺን ሳላስፈቅድ በክፍልሽ አስተኝቻታለሁ። ሳህን ታጥባለች፣ እንጨት ትፈልጣለች፤ አታለቅስም፣ ስሙንም አታነሣም ነበር።

አሁን የምጽፍልሽን ለቄሱ እንኳ ገና አልተናዘዝኩም። ባለፈው ወር ቅርጫቷ ውስጥ ተጀምሮ የቀረ የወንድ የሱፍ ጓንት አየሁ። አንዱ ዙር ላልቷል፣ ሌላው ተጨምቋል፣ የእጅ አንጓው ጠሟል። ታውቂኝ የለ? ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እስከ መጀመሪያው ዙር ተረተርኩትና አስተካክዬ ጀመርኩላት። መርዳቴ ነበር። ተመልሳ እጄን አየች።

እሱ ነው የሠራው፣ እያስተማርኩት ነበር አለችኝ።

ቦርሳዋን ይዛ ወደ ወደቡ ወረደች። ዶርካስ በመስኮት እያየቻት፣ አንቺ ሴትዮ፣ እግዜር የሠራውንም ብታገኚ ተርትረሽ ታርሚው ነበር አለችኝ። ጀልባው ያለ እሷ ሄደ። መሳፈሪያው ሳንቃ ላይ ሁለት እርምጃ ሄዳ መመለሷን ትኬት ቆራጩ ነገረን።

የተተረተረ ክር ካልታጠበ እንደተጠማዘዘ ይቀራልና አጥቤ ልስጥሽ አልኳት። እንዳያጥቡት ብላ ጮኸችብኝ! በዚህ ቤት ድምጿ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ለካ ጥምዝማዙ የእሱ እጅ ነው።

ሰባ ስድስት ዓመት ትክክል ሆኜ ስለኖርኩ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። እንዴት ነበር የሚሠራው፣ አሳዪኝ አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ የክሩን ኳስ ያዝኩ፣ እሷ ዙሩን እያስታወሰች ትሠራለች። እዚህ ጋ እየሳቀ ስለነበር ላላ ትለኛለች። እዚህ ጋ፣ የኔ ጣት ለዓሣ እንጂ ለክር አልተፈጠረም ብሎ ሲናደድ ጠበቀ። ጥፋቱን ሁሉ በየቦታው መለሰችው፤ እኔም አንዱንም አላረምኩም። ዶርካስ አጠገባችን መጥታ፣ ጀሮም ሆዬ፣ በዚህስ ዓይኔን ጨፍኜም እበልጥህ ነበር ብትል ልጅቱ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እስኪወጣላት ተውናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን በየምሳው እንሰማለን።

ትናንት ላንቺ የምጽፈውን ደብዳቤ ባሕሩን ተሻግሬ እኔ ላድርስ አለች። ፖስታ ቤት አለ አልኳት። ዶርካስ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። ልጅቱም፣ የተኛሁበት አልጋ የማን እንደሆነ ልወቅ አለች።

እንግዲህ ይህን ወረቀት የሰጠሽ የፖስታ ሰው ከሆነ አልሆነላትም ማለት ነው፤ እኛ ጋ ሆና ደግማ ትሞክራለች። የሰጠችሽ ቀይ ፀጉር ያላት ቀጭን ልጅ ከሆነች ግን ወንበር ስጫት፣ ባሕሩ እንዴት ነበር ብለሽም አትጠይቂያት። ከዚያ ወዲያ ወደ አገሯ ብትሄድ መርቀሽ ሸኚያት። ልመለስ ካለች ክፍሉ ከእንግዲህ የእሷ መሆኑን አንቺው ንገሪያት፤ እኔ አልችልም። ካፖርትሽ እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ማውረድ እንዳለብኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ።

ሕመምሽን ያቅልልሽ፣ ቀንሽን ብሩህ ያድርግልሽ፤ ደግ ሰው ከአጠገብሽ አይጥፋ።

የማትለወጠው ጓደኛሽ