ለቅሶን በብርሃን የሚነግረን መሣሪያ

ለመኖሪያ ሕንፃዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ 14/06

ጉዳዩ፦ «የመጥለፊያ መሣሪያ» ተብሎ የተወሰደብን የሕፃን ለቅሶ ማሳወቂያ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በሕንፃ ቁጥር 6፣ ሦስተኛ ፎቅ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ይሠራል። ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ መስማት የተሳነን ነን። የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችን። እሷ ትሰማለች።

2. ልጃችን እንደተወለደች ባለቤቴ በትርፍ ጊዜው የሚነካካቸውን ሽቦዎችና ዕቃዎች ሰብስቦ ከሥራ መልስ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከተመ። የክብሪት ቀፎ በምታህል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ማይክራፎን በየደ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ካለው አምፖል ጋርም በገመድ አገናኛት። ልጅቱ መኝታ ቤት ስታለቅስ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እኔም ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። በር ሲንኳኳም እንዲሁ ያሳውቀናል። በመጀመሪያው ሳምንት የስፌት መኪናዬን ድምፅ ለቅሶ እያለ ሲያሯሩጠኝ ሰነበተ፤ ባለቤቴም ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር። ኋላ ድምፁን በቁጥር እየለካ አስተካከለው። ቤቱ ጸጥ ሲል አርባ፣ የስፌት መኪናዬ ሦስት መቶ፣ ልጄ ስታለቅስ ከስድስት መቶ በላይ። ክቡርነትዎ፣ እኔ የልጄን ድምፅ የማውቀው በዚህ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ ቁጥሩን እያየ ሳለ ሁለት መቶ አሥር ላይ ወጥቶ ቆመ። ምን ይሆን ብለን ተያይዘን ብንገባ፣ ለካ ትስቃለች።

3. ማይክራፎኑ የተሰቀለው ከጎረቤታችን ጋር በሚያዋስነን ግድግዳ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ልጃችንን ሊጠይቁ ገብተው አዩት፤ ምንነቱን ሳይጠይቁን ወጥተው ለጽሕፈት ቤትዎ ጠቆሙ። በሦስተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሁሉንም ነቃቅሎ ወሰደ። እኛ ከሰው ጋር የምንነጋገረው በደብተር ስለሆነ የዚያን ቀን ገጽ እንዳለ አያይዣለሁ። እኔ፦ «እኛ አንሰማም። ምን እንጠልፋለን?» ተቆጣጣሪው፦ «የሚሰማላችሁ አይጠፋም።» የሰጠን ደረሰኝ «አንድ የመጥለፊያ መሣሪያ ከነአምፖሉ» ይላል።

4. ከዚያ ወዲህ ወደ ቢሮዎ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እዚያ ተራ የሚጠራው በድምፅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ልጄን አቅፌ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥኩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እግሬ ሥር መወልወል ስትጀምር ነው ቢሮው መዘጋቱ የገባኝ። በሁለተኛው ቀን ለጥበቃው «ስጠራ እባክህ ንካኝ» ብዬ ጻፍኩለት። በደስታ እሺ አለ፤ ግን ቀትር ላይ ፈረቃው ተቀይሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ አለቃውን አስፈቅዶ አብሮኝ ዋለ፤ የማይሰማ ሰው ሁለት ቢሆን ምን ሊፈይድ! በአራተኛው ቀን ራሴ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። የቢሮው ባለሙያ «የመሣሪያውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አምጪ» ብለው ደብተሬ ላይ ጻፉልኝ። ባለቤቴ አሥራ አንድ ገጽ አትሞ ሰጠኝ፤ ወስጄ አቀረብኩ። «ይህ የውጭ ቋንቋ ስለሆነ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ ይቅረብ» ብለው ጻፉበት። ሕጋዊ ተርጓሚው ዘንድ ሄድኩ። እሱም ገጾቹን ሲያገላብጥ ቆይቶ «ይህ ቋንቋ አይደለም» ብሎ ጻፈበት። ሁለቱም ጽሑፎች ተያይዘዋል። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ቀርቻለሁ።

5. ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጄን አስተኝቼ ቀሚስ እዘመዝም ነበር። በየመሃሉ እየተነሣሁ አያታለሁ። የዚያን ቀን ግን የቀሚሱ ባለቤት እየመጣች ስለነበር ትንሽ ቆየሁ። ስገባ አልጋውና ግድግዳው መካከል ወድቃ፣ እግሯ ተቀርቅሮ፣ ፊቷ ደም መስሎ አገኘኋት። አንሥቼ ታቅፌያት ስወጣ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመዋል፤ መዳፋቸው ቀልቷል። ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው «ግማሽ ሰዓት ሙሉ በር ደበደብኩ። ለቅሶዋ በግድግዳው ይሰማኛል። ምን ላድርግ ልጄ? ይቅር በይኝ» ብለው ጻፉ። በማግስቱ ጥቆማቸውን ሊያነሡ ቢሮዎ ድረስ ቢሄዱ «ጉዳዩ አሁን የእርስዎ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ነው» ተብለው ተመለሱ።

6. ስለዚህ መሣሪያችን እንዲመለስልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ተበላሽቶ ከሆነም ሌላ እንድንሠራ ይፈቀድልን፤ ማይክራፎኑን የትኛው ግድግዳ ላይ እንደምንሰቅል ቢሮዎ ይምረጥልን። ምላሹ በጽሑፍ እንጂ በስልክ እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

7. ጉዳዩ ተራውን ይጠብቅ ለሚሉ ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። ትናንት ጎረቤታችን ደስ ብሏቸው «ልጅሽ አደገችልሽ፣ ማልቀስ ተወች» ብለው ጻፉልኝ። አልተወችም። ዛሬ ጠዋት ቀስ ብዬ ገብቼ አጠገቧ ቆምኩ። አፏ ተከፍቷል፣ እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል። እጄን ጉሮሮዋ ላይ አደረግኩ። ድሮ ስታለቅስ ይንቀጠቀጥ የነበረው ጉሮሮዋ ጭር ብሏል። ድምፅ ማውጣቱን ብቻ ነው የተወችው፤ ለማን ብላ ታውጣ?

ከአክብሮትና ከእናትነት ሰላምታ ጋር፣

ፊርማ ______________
ልብስ ሰፊዋ፣ ሕንፃ ቁጥር 6፣ ሦስተኛ ፎቅ